አባትህ ከናሙናው በፊት ሲቲ ስካን ይነሱ

አባትህ ሳያማቸው ደም ሸንተው፣ ኮምቦልቻ ያነሷቸው አልትራሳውንድ ኩላሊታቸው ላይ እብጠት አሳይቷል። «ከእብጠቱ ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር መሆኑ ይታወቃል ወይ?» ብለሃል። አብዛኛውን ጊዜ አዎ። የኩላሊት እብጠት በሲቲ ስካን ብቻ ታይቶ ኦፕራሲዮን ሊወሰን ይችላል። ዓይነቱ በፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ በሚደረግ ምርመራ) የሚረጋገጠው እብጠቱ ከወጣ በኋላ ነው። ናሙና የሚወሰደው ምስሉ ካላጠራ ወይም ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ ከመሰለ ነው።

መጀመሪያ የአልትራሳውንዱን ወረቀት እየው። «ሲምፕል ሲስት» ካለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የተለመደ ነው፣ ብዙም አያስፈራም። «ሶሊድ» (ውሃ ያልሆነ፣ ጠጣር እብጠት) ካለ ግን አትዘግዩ።

1. ደሴ ሪፈር አጽፍላቸው፣ ዩሮሎጂስት (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት) ይያቸው።

2. ሲቲው በኮንትራስት (በደም ሥር በሚሰጥ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) መሆን አለበት። ያለ እሱ ከተነሳ እብጠቱ ደም መሳቡ አይታይም፣ ዋናው ምልክት ደግሞ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ክሬአቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይመርመሩ። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ቀድመህ ተናገር።

3. ሪፖርቱን ብቻ ይዘህ አትውጣ። ሲዲውን ወይም ፊልሙንም ተቀበል፤ ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሙ ቆሟል ብለህ እንዳትዘናጋ። አጎቴን «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» እያሉ አንቲባዮቲክ ሲቀያይሩላቸው ደሙ ይቆማል፣ ቆይቶ ይመለሳል። የሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) እንኳ አልተሠራላቸውም ነበር። የጎን ሕመም፣ ደምና በእጅ የሚዳሰስ እብጠት አንድ ላይ እስኪመጡ የሚጠብቅም አለ። ሦስቱ አንድ ላይ የሚታዩት ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ ያኔም በሽታው ብዙ ጊዜ ገፍቷል።