መልስ፦ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ድርብ ክንፍን ለምን ቶሎ አልተወም?

ወንድሜ፣ «ሌላው ወደ ነጠላ ክንፍ ሲሄድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለምን በድርብ ክንፍ ተዋጊ ቆየ?» ላልከው፣ ዋናው ምክንያት አውሮፕላኖቹ የሚነሱባትና የሚያርፉባት የመርከቧ ወለል ነው። አጭር ነው፤ ደግሞም ይወዛወዛል። ድርብ ክንፍ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው በላይ የተደረበ ሁለት ክንፍ ያለው አውሮፕላን፣ በዝግታ መጥቶ ማረፍ ይችላል። ክንፉ አጭር ስለሆነም መርከቧ ውስጥ ብዙ ቦታ አይዝም።

ከድርብ ክንፍ ተዋጊዎቹ እኔ የምወደው ግሩማን ኤፍኤፍ-1ን ነው። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ነው። ጎማውን ወደ ሆዱ የሚያጥፍ የመጀመሪያው የባሕር ኃይሉ ተዋጊ እሱ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። ሌላው የባሕር ኃይሉ ተዋጊ ቦይንግ ኤፍ4ቢ አንድ ሰው ብቻ ይዞ እንኳ አይደርስበትም!

ጎማውን የሚያጥፈው ግን የአብራሪው ክንድ ነው፤ እጀታ ያዞራል። ይኸው ዘዴ ኋላ ወደመጣው የግሩማን ተዋጊ ወደ ዋይልድካትም ተላልፏል፤ እዚያ ወደ 30 ዙር ይፈጃል። አብራሪው በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ሲያዞር፣ ገና የተነሳው አውሮፕላን ወዲያ ወዲህ ይላል።

የባሕር ኃይሉ የመጨረሻው ድርብ ክንፍ ተዋጊ የግሩማን ኤፍ3ኤፍ ነው። ዋይልድካት ራሱ ሲታሰብ ድርብ ክንፍ ነበር፤ ወደ ነጠላ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው።