የአባትሽ ልብ 45 በመቶ ነው የተባለው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ነው ያነበብኩት። አባትሽ በ58 ዓመታቸው የልብ ደም ስራቸው ጠቦ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ገባላቸው። የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀታቸው ላይ 45 በመቶ የሚል አየሽና «ልቡ ከግማሽ በታች ነው የሚሠራው፤ ስንት ዓመት ይኖራል?» አልሽ። እኔን እዚሁ ሐዋሳ በ52 ዓመቴ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝና ስቴንት ገባልኝ። አሁን 63 ነኝ።

መጀመሪያ በ45ቱ አትደንግጪ። ባለቤቴም የኔን ወረቀት አይታ አልቅሳለች። ቁጥሩ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት እጁን እንደሚረጭ ነው የሚናገረው። የጤነኛ ልብም 100 አይረጭም፤ ከ55 እስከ 70 ገደማ ነው። 45 ዝቅ ብሏል እንጂ ግማሽ ልብ ማለት አይደለም። በሕክምና ከፍ ሊልም ይችላል። የኔ ከ40 ተነስቶ ዛሬ 50 ገብቷል።

ዓመት ቆጥሮ የሚሰጥሽ ሐኪም የለም። ስኳር፣ ግፊት፣ የጠበቡት ደም ስሮች ብዛት፣ ልብ የተጎዳበት መጠን፣ ሁሉም ይወስናል። መድኃኒትም። እኔ የተሞኘሁት እዚህ ላይ ነው።

ስቴንቱ በገባልኝ በአራተኛው ወር ተሻለኝ። ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። ሁዳዴ ሲገባ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ እንዴት ክኒን እውጣለሁ» ብዬ ደም ማቅጠኛዋን ተውኳት። እውነቱን ለመናገር ጾሙ ሰበብ ነው፤ ያስመረረኝ ዋጋዋ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ከባጃጅ ስወርድ ያው ሕመም፣ ያው ቀዝቃዛ ላብ። ግራ እጄ የኔ አልመስል አለኝ። ስቴንቱ ውስጥ ደም ረግቶ ኖሯል። ቶሎ ስለደረስኩ ተረፍኩ። የነፍስ አባቴ ሲሰሙ የተቆጡኝ ቁጣ! «ለታመመ ሰው ማን ጹም አለህ?»

ስለዚህ ደም ማቅጠኛዎቹን፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬሉን፣ ያለ ልብ ሐኪማቸው ፈቃድ ማንም አያስቁማቸው። ጥርስ ሊነቀሉ ቢሄዱ እንኳ አስቀድመው ይጠይቁ። አንደኛውን ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ያቆመዋል፤ ሌላው ይቀጥላል። የኮሌስትሮሉ ክኒን ደግሞ ምርመራው ጥሩ ሆነ ተብሎ አይተውም፤ ጥሩ የሆነው በክኒኑ ነው።

እርምጃ አስለምጃቸው፣ ቀስ እያሉ። ጨውና ቅቤ ይቀነስ። ዓሣ ይብሉ ቢሉሽ ግን ዘይት ውስጥ የዋኘው ጥብስ ማለት አይደለም። ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ሾርባ ብቻ ማዘዝ ቀላል እንዳይመስልሽ።

ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። የሚያጨሱ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተን ከእሱ እንጀምር።