የጭስ ገደቡን ከመንካትህ በፊት አየሩን ቁጠር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ የ2.5 ሊትር የናፍጣ ፒክአፕህን የሞተር ሶፍትዌር አስቀይረሃል፤ ጭነት ይዘህ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጣ፣ ታች ንጹሕ የነበረው ማርሚታ ወደ ጫፉ ስትቃረብ ጥቁር ጭስ ይተፋል። የሠራልህ ባለሙያ «ጭሱ የጉልበት ምልክት ነው» ብሎሃል። እሱ ያነሳውን የጭስ ገደብ ልመልሰው ወይስ ልተወው ትላለህ። መልሰው። ምክንያቱን ካላወቅህ ግን ነገ ሌላ ሰው በሌላ ስም መልሶ ያነሳብሃል። ጭስ ጉልበት ቢሆን ኖሮ አሮጌዎቹ የጭነት መኪኖቻችን አውሮፕላን ይጎትቱ ነበር።

የሞተሩ ኮምፒውተር ምን ያህል ናፍጣ እንደሚረጭ ሲወስን ቢያንስ ሦስት ቁጥሮችን ያወዳድራል፦ እግርህ በፔዳሉ የጠየቀውን፣ የጉልበት ገደቡ የሚፈቅደውን፣ ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየር ሊያቃጥለው የሚችለውን። ሦስተኛው የጭስ ገደብ የሚባለው ነው። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ትንሹ ቁጥር ነው። ስለዚህ ገደቡን ማንሳት አንዳንዴ ምንም አይለውጥም፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁሉንም ያበላሻል። የአንተ ፒክአፕ ላይ ሁለቱም ሆነዋል።

1 ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አስቀድሞ ከአየር ጋር ተደባልቆ አይገባም፤ በጋለ አየር መሐል ተረጭቶ እዚያው ይቃጠላል። በጠብታዎቹ ዙሪያ አየር ያጠራቸው ኪሶች ይፈጠራሉ፤ ጥላሸቱ የሚወለደው እነዚያ ኪሶች ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ትርፍ አየር የግድ የሚሆነው። ብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ሬሾው፣ ማለትም አየሩ ለናፍጣው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ከ18 በታች ሲወርድ ጭሱ በዓይን መታየት ይጀምራል፤ 16 ላይ መከራከር አያስፈልግም።

አሁን የላክኸውን መዝገብ፣ ከሞተሩ ኮምፒውተር የተነበቡትን ቁጥሮች፣ እንመልከት። ዳገቱ ጫፍ አካባቢ፣ በ2,000 ዙር፣ በአንድ ምት የገባው አየር 820 ሚሊግራም፣ የተረጨው ናፍጣ 52 ሚሊግራም። ስታካፍለው 15.8 ነው። ከፋብሪካው የመጣው የሶፍትዌር ፋይል እዚያው ቦታ ላይ 44 ይፈቅድ እንደነበር ጽፈሃል፤ እሱ 18.6 ይሰጣል። 44ን በ18 በመቶ ብታሳድገው 52 ይሆናል። ባለሙያው የጭስ ገደቡን ሰንጠረዥ፣ ለየአየር መጠኑ አንድ ዓምድ ያለውን፣ በሙሉ መርጦ 18 በመቶ ጨምሮበት ሄዷል ማለት ነው። ሥራው ምናልባት የአንድ ደቂቃ ነበር።

ታች ለምን አላጨሰም? እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ በቀላሉ 1,000 ሚሊግራም ያስገባል። የጭስ ገደቡ በአዲሱ ፋይል 63 ሚሊግራም ናፍጣ ቢፈቅድም፣ የጉልበት ገደቡ 54 ላይ ይይዘዋል፤ ሬሾው 18.5፣ ማርሚታውም ንጹሕ። ፋብሪካው ራሱ እዚያ ቦታ ላይ 54 ያህል ይፈቅድ ስለነበር ያ ሁሉ ጭማሪ ቆላ ላይ ያተረፈልህ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ደጋው ላይ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ከ2,400 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አንድ አራተኛ ያህል ይጎድላል፤ ሞተሩም የሰንጠረዡን ዝቅተኛ የአየር ዓምዶች ይጠቀማል። ቆላ ላይ የሚኖር ባለሙያ እነዚያን ዓምዶች የሚያያቸው ቱርቦው እስኪነሳ ባለችው ቅጽበት ብቻ ነው፤ እኛ ግን ዳገቱን በሙሉ እዚያው ላይ እንውላለን። ከባሕር ዳርቻ አገር የተገዛ ፋይል እዚህ ሲጫን የሚያጨሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ «ናፍጣችን ቆሻሻ ስለሆነ ነው» የሚለው ሰበብ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መሆን የለበትም።

ሶፍትዌሩን ከመንካትህ በፊት ግን 820 የሚለው ቁጥር እውነት መሆኑን አረጋግጥ። የአየር መጠን መለኪያው ከአየር ማጣሪያው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ከእሱ በኋላ፣ ኢንተርኩለሩ (የታመቀው አየር ማቀዝቀዣ) ላይ ወይም የጎማ ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ አየር የሚያመልጥ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲሊንደር ያልደረሰ አየር ቆጥሮ ናፍጣ ይሰጣል። ጭሱም ፋይሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ይመጣል። ቱቦዎቹን በእጅህ ዳብስ፤ ዘይት የቀላቀለ ጥቁር እድፍ ያለበት መጋጠሚያ ላይ በሳሙና ውኃና በመጠነኛ የታመቀ አየር ሞክር። በተቃራኒው መለኪያው አቧራ ከበላ አየሩን አሳንሶ ያነባል፤ መኪናው ሳያጨስ ይደክማል። ባለቤቱ «ገደቡን አንሱልኝ» ብሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጉዳይ ነው። በዘይት የሚታጠብ የጥጥ ማጣሪያ የገጠሙትንም ልጨምር፤ ዘይቱ እስከ መለኪያው ይደርሳል።

ጭሱ መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲበዛበት ይቀዘቅዛል፤ የናፍጣው ይግላል። እኔ ከቱርቦው በፊት ያለው የጭስ ሙቀት ለረጅም ጊዜ 750 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲያልፍ አልፈቅድም፤ የአባይ ዳገት ደግሞ የሚያልቀው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከሚጎዱት አንዱ የፒስተኑ አናት ነው። ጥላሸቱ ወደ ሞተር ዘይት ወርዶ ዘይቱን ማወፈሩም አይቀርም።

አንድ ሰው «እንግዲያው የቱርቦውን ግፊት እንጨምርና አየሩን እናምጣ» ይልህ ይሆናል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ልክ አለው እንጂ። 2.2 ባር ፍጹም ግፊት (የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምሮ) ለማምጣት በባሕር ጠለል ላይ ቱርቦው አየሩን 2.2 እጥፍ ያህል ያምቃል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ግን ወደ 2.9 እጥፍ ይጠጋል። ለዚያ እጅግ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ደጋ ላይ የቱርቦውን ግፊት እንዲቀንስ ፋብሪካው ያስቀመጠውን የከፍታ ማስተካከያ ያጠፋ ሰው ካለ ሥራውን አትቀበል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከ900 ሚሊግራም በታች ያሉትን ዓምዶች በሙሉ ወደ ፋብሪካው ቁጥር እመልሳለሁ። ቢበዛ ለ820 ወደ 45፣ ለ600 ወደ 33 ሚሊግራም ልፈቅድ እችላለሁ፤ ሬሾው 18 አካባቢ ነው። ጭማሪ ካስፈለገ ከ1,000 በላይ ባሉት ዓምዶች፣ ከጉልበት ገደቡ ጋር አብሮ፣ የክላቹን አቅም አይቼ። በከፍተኛ ዙር ለመቃጠል የሚኖረው ጊዜ አጭር ስለሆነ እዚያ ሬሾውን ወደ 19 እወስደዋለሁ። ማርሽ ስትቀይር ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ቀጭን ጭስ አያሳስብህ። ነጭ ወይም ሰማያዊ ጭስ ካየህ የዚህ ገደብ ጉዳይ አይደለም፤ ኢንጀክተሮቹንና ቱርቦውን አስፈትሽ።

ባለሙያውን የመጀመሪያውን ፋይል ጠይቀው፤ ቅጂውን ሳያስቀር የሚሠራ ሰው መኖር የለበትም። ከዚያ በሦስተኛ ማርሽ ከ1,500 እስከ 3,500 ዙር ፔዳሉን ሙሉ ረግጠህ አንድ መዝገብ ድልድዩ አካባቢ፣ አንድ ደግሞ ጫፉ ላይ ውሰድ። አየሩን፣ ናፍጣውን፣ የተጠየቀውንና የተገኘውን የቱርቦ ግፊት አብረህ ላከው፤ የትኛው ዓምድ ላይ ስንት መጻፍ እንዳለበት ከዚያ ተነስተን እናሰላዋለን።