ስለ ሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) ጠይቁ፦ የሐበሻው ስደትና የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወትና ስለ መጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ጠይቁ። አንድ አደራ አለኝ፦ «ሂጅራ» (ስደት) ስትሉ የትኛውን እንደሆነ ለዩ። ወደ ሐበሻ ሁለት ጊዜ፣ ወደ መዲና አንድ ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ኡስታዝ፣ ነቢዩ መቼ ተወለዱ?

መልስ፦ በዝሆኑ ዓመት (ዝሆን የያዘ ጦር መካን ሊያጠቃ በመጣበት)፣ 570 እ.ኤ.አ. ገደማ። የመውሊድን ክርክር ዛሬ አልከፍትም።

ጥያቄ፦ በሂጅራው በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት የተናገረው ማን ነው?

መልስ፦ የትኛው ሂጅራ? ለዩ ብያለሁ። በ615 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሄዱት ጥቂት ነበሩ፤ ዑስማንና ባለቤቱ ሩቀያ፣ የነቢዩ ልጅ፣ ከነሱ ጋር ናቸው። ቁረይሾች (የመካ ገዢ ጎሣ) ሰለሙ የሚል ወሬ ሰምተው ተመለሱ፤ ወሬው ሐሰት ነበር። በሁለተኛው ከ80 በላይ ወንዶች፣ ሴቶችም ጭምር ተሻገሩ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ቆዳ በስጦታ አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኩ። ያን ጊዜ ነው ጀዕፈር፣ የነቢዩ የአጎት ልጅ፣ ተነስቶ የተናገረው፤ ከቁርኣን ምዕራፍ ከሱረቱ መርየምም ቀራ። ንጉሡ አለቀሰ፣ ስጦታውንም መለሰ። ይህን የምናውቀው እዚያው ከነበረችው ከኡሙ ሰለማ ነው። እኛ ግን ታሪኩን የአንድ ቀን ችሎት እናደርገዋለን! ጀዕፈር የተመለሰው በ628 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ ዐብደላህ የተወለደው ሐበሻ ነው። እዚህ ኖረዋል፣ ወልደዋል፣ ቀብረዋል።

አንድ አባል፦ የአክሱም መንግሥት ግን ከዚያም በኋላ ክርስቲያን ነበር።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ነቢዩ እኮ ነጃሺ ሲሞት ሰግደውበታል!

መልስ፦ መንግሥቱ ክርስቲያን ሆኖ መቀጠሉ እውነት ነው። ሶላተል ጋኢብ (አስከሬኑ በሌለበት ለሞተ ሰው የሚሰገድ ሶላት) መሰገዱም በቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ የጸና ነው። የሰውየው እምነትና የመንግሥቱ ሃይማኖት ለየብቻ ይታያሉ። በዚህ ይብቃን።

ጥያቄ፦ የነቢዩ ሙአዚን ቢላልስ ወደ ሐበሻ ከሄዱት ስደተኞች ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። እናቱ ሐበሻዊት ናት፤ ነፃ ያወጣው አቡበክር ነው።

ጥያቄ፦ እስልምና በሰይፍ ነው የተስፋፋው?

መልስ፦ የት? መቼ? እንዲህ የተድበሰበሰ ጥያቄ አይመለስም። መካ 13 ዓመት ውጊያ አልተፈቀደም። የመዲና ሰዎች መካ አጠገብ ባለው በዐቀባ ቃል ኪዳን ገብተው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በዓመትና በአገር ለይታችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ በሂጅራ የቀደሙት አይበልጡም?

መልስ፦ አሁንም «ሂጅራ» ብቻ! የመዲናውን ማለትህ ከሆነ፣ ዑመር ለአስማእ ቢንት ዑመይስ፣ ለጀዕፈር ባለቤት፣ ይህንኑ አላት፦ በሂጅራ ቀድመናችኋል። ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ሆናችሁ የተራበው ሲበላ፣ እኛ በሩቅ አገር ስንሰቃይ ነበር አለችው። ሄዳም ለነቢዩ ነገረች። ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ ለእናንተ ለመርከቡ ሰዎች (ከሐበሻ በመርከብ ለተመለሳችሁት) ግን ሁለት አላችሁ አሏት። ከዚያ በኋላ አብሯቸው በመርከቡ የመጣው አቡ ሙሳና ሌሎቹ የመርከቡ ሰዎች ያንን ቃል ለመስማት በቡድን በቡድን ወደ እሷ ይመጡ ነበር፤ አቡ ሙሳም ደግማ ደጋግማ እንድትነግረው ያስነግራት ነበር።