ብራክስተንን ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ፣ «የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹንና የሙዚቃ ደራሲውን አንቶኒ ብራክስተንን ማዳመጥ ከየት ልጀምር? የሙዚቃዎቹ ርዕሶችስ ለምን ስዕል ሆኑ?» ብለሃል። እኔ ብሆን ከ«ፎር አልቶ» እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቀዳ ድርብ አልበም ነው። አንድ ሰው ከነአልቶ ሳክስፎኑ፣ በቃ። ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ። አንዴ እንደ ሹክሹክታ ይነፋል፣ ወዲያው ጆሮ እስኪበሳ ይጮኻል። መሀል ላይ ብትዘጋው አልፈርድብህም፤ እኔም ዘግቼው አውቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1945 የተወለደ የቺካጎ ልጅ ነው። ኤኤሲኤም በተባለው የከተማዋ የጥቁር ሙዚቀኞች ማኅበር ውስጥ አደገ። ቼዝም ይወዳል፤ ቸግሮት በቼዝ ቁማር የኖረበት ጊዜ አለ። ርዕሶቹን በቃል ፈንታ በቁጥር፣ በመስመርና በቅርጽ ይሠራቸዋል። ለእኔ ከስም ይልቅ ካርታ ይመስሉኛል። ለ100 ቱባ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ላለው ትልቁ የነሐስ መለከት፣ የጻፈው ሥራም አለ። መቶ ቱባ! ጎረቤት ምን ይበል?