የድሬዋ ልጅ፣ ስፒኑን አትተዪው
እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ልትጨርሺ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል፣ ማግኔታዊ ሴሚኮንዳክተር (ቺፕ የሚሰራበት አይነት ቁስ፣ ግን ማግኔት የሆነ) ውስጥ የኤሌክትሮን ስፒን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባህሪ፣ እንዴት እንደሚጓዝና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ማጥናት ፈልገሻል፣ አባትሽ ደሞ ይሄ ምን እንጀራ ይሆናል ብለውሻል። እኔ አትተዪው ባይ ነኝ፣ ግን በስሌቱ በኩል ግቢበት።

ለምን መሰለሽ፣ ሙከራው የሚሰራው በፌምቶ ሰከንድ ሌዘር፣ ማለትም እጅግ አጭር የብርሃን ምት በሚለቅ ሌዘር ነው፣ አንዱ የብርሃን ምት ስፒኖቹን ያቀናቸዋል ሁለተኛው ዘግየት ብሎ መጥቶ የት እንደደረሱ ያያል፣ መዘግየቱን የምትቆጣጠሪው ደሞ በመስታወት ነው፣ 0.15 ሚሊሜትር ወደኋላ ስታደርጊው ብርሃኑ ደርሶ መልስ 0.3 ሚሊሜትር ይጨምርና 1 ፒኮ ሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ይዘገያል። አቦ እንዴት ደስ ይላል! ግን ሌዘሩም ናሙናውን የሚያቀዘቅዘው ማሽንም በጣም ውድ ነው፣ ስሌቱ ግን ያለሽ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ስለዚ በዚህ ጀምሪ። ጋሊየም አርሰናይድ የሚባለው ሴሚኮንዳክተር ውስጥ የኤሌክትሮን ጂ ፋክተር (ስፒኑ ለማግኔት መስክ ምን ያህል እንደሚመልስ የሚነግር ቁጥር) -0.44 ነው፣ 1 ቴስላ የማግኔት መስክ ላይ ስፒኑ በ160 ፒኮ ሰከንድ ገደማ አንዴ ይዞራል፣ መጀመሪያ ይሄን ቁጥር ራስሽ በወረቀት አውጪው፣ ከዛ የብሎክን እኩልታ (የስፒኑን መዞርና መድከም የሚገልጸውን) በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፈሽ ስፒኑ እየዞረ እየደከመ ሲሄድ ግራፉን አሳዪ፣ ከዛ ድሪፍትና ዲፍዩዥን (በኤሌክትሪክ መስክ መገፋትና በራሱ መሰራጨት) ጨምሪበት። ለመመረቂያ ፕሮጀክት በቂ ነው። ፓይተኑን እስከዛ ከቻልሽ ደሞ ፊዚክሱ ባይሳካ እንኳን ዳታ ላይ ለመስራት የሚያስቀጥርሽ እሱ ነው።

ድሬ ላይ በስፒን ስም የሚወጣ የስራ ማስታወቂያ አትጠብቂ፣ እውነቱ እሱ ነው። ለአባትሽ ግን ይሄን ንገሪያቸው፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ፌርና ግሩንበርግ የሚባሉ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ያገኙት የስፒን ውጤት ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ውስጥ ገብቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ኖቤል አሸልሟቸዋል። ያልተፈታም ብዙ አለ፣ ማንጋኒዝ የገባበት ጋሊየም አርሰናይድ ማግኔት ሆኖ የሚቆየው ከ200 ኬልቪን ገደማ በታች ነው፣ ማለትም ከዜሮ በታች 73 ዲግሪ፣ እንኳን ለድሬ ሙቀት ለማንም ቢሮ አይሆንም፣ ተመራማሪ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ከዛ በኋላ ማስተርስ ነው። ኪጋሊ ያለውን የምስራቅ አፍሪካ የመሰረታዊ ምርምር ተቋም እዪው፣ ጣሊያን ትሪየስት ያለው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል) ደሞ ከታዳጊ ሀገር ለሚመጡ ወጪ የሚሸፍን የአንድ አመት ዲፕሎማ አለው፣ ማስተርስ ላለው ይመቻል ግን በመጀመሪያ ዲግሪ በጣም ጎበዝ የሆነም ሊገባ ይችላል።

ርዕስሽን ከማስገባትሽ በፊት ግን ግራፉን ይዘሽ ሶሊድ ስቴት ያስተማረሽ መምህር ቢሮ ሂጂ፣ አማክረኝ ብለሽ ባዶ እጅሽን ከምትጠይቂ እሱን አሳዪው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽም እሱ ነው።