የእርሻ ሐራጅ፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

ዛሬ ጥያቄው ክፍት ነው። ስለ እርሻ ሐራጅ የከነከናችሁን ሁሉ ጠይቁ። ሥራዬ የንብረት ግምት ነው። ለሐራጅ የሚቀርብ እርሻ፣ ትራክተር፣ የወተት ላም፣ የቡና ተክል ቦታው ድረስ ሄጄ አይቼ ነው የምገምተው። አራት ኪሎ ስለምውል ጋዜጣ ገልጦ የጨረታ ገጹን በእስክሪብቶ የሚያሰምር ሰው በየቀኑ አያለሁ። ብዙዎቻችሁም የምትጽፉልኝ ከዚያ ገጽ ተነስታችሁ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ሳታዩ ሲፒኦ (ለጨረታ ማስያዣ የሚቀርበውን፣ በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አታሠሩ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ ልለው ነው።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ የእርሻ ሐራጅ ማስታወቂያ የት የት ነው የሚወጣው?

የባንክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዘመን ወይም ሪፖርተር ላይ ነው። የፍርድ ቤት ከሆነ ልደታ ሰሌዳው ላይም ታገኘዋለህ። ንብረቱ ያለበት ወረዳም ይለጠፋል።

እዚህ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያንገበግበኛል። እርሻው ያለው አርሲ ነው፤ ጋዜጣው የሚነበበው አዲስ አበባ ነው። ያንን ትራክተር ሲያርስ ያየው፣ ጠባዩን የሚያውቀው፣ ጥሩ ዋጋም ሊሰጥበት የሚችለው የጎረቤት ገበሬ ሳይሰማ ሐራጁ ያልቃል። ከከተማ ሁለት ሦስት ሰው ይሄዳል። ዋጋው መነሻው ላይ ይቀራል። ባለዕዳው ንብረቱም ይሄድበታል፣ ዕዳውም አይዘጋለትም። ገጠር ወሬ የሚሰማው በገበያ ቀን ነው። ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው፤ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ ነው፤ ዕድር ላይ ነው። የወረዳው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ፀሐይ አንጥቶት፣ ግማሹ በሌላ ማስታወቂያ ተሸፍኖ ነው የማገኘው። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ማስነገር የሚጠይቀው ወጪ ከዋጋው ጭማሪ ጋር አይወዳደርም። ሪፖርት በጻፍኩ ቁጥር ይህን ከታች እጨምራለሁ። የሚሰማኝም አለ፣ የማይሰማኝም አለ።

ከካዛንቺስ፦ 20 ሄክታር እርሻ በሐራጅ ወጥቶ አየሁ። ካሸነፍኩ መሬቱ የእኔ ይሆናል ማለት ነው?

አይሆንም። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ በደንብ ልመልስ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሐራጁ ላይ የሚሸጠው መሬቱ ላይ ያለው ነገር ነው። መጋዘኑ፣ የጉድጓዱ ፓምፕ፣ የመስኖ ቧንቧው፣ አጥሩ፣ ግሪንሃውሱ፣ ቋሚ ተክሉ። ቡና ተክል ከሆነ ዕድሜው ዋጋ አለው፤ አዲስ የተተከለ ቡና ምርት ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቅሃል። መሬቱን ግን ከክልሉ በኪራይ ነው የምትይዘው። ስለዚህ ካሸነፍክ በኋላ ከክልሉ ጋር ውሉን በስምህ ማዞር አለብህ።

አሁን ልብ በል። የቀድሞው ባለሀብት የመሬት ኪራይ ውዝፍ ካለበት ማን ነው የሚከፍለው? ማስታወቂያው ‘ማንኛውንም ግብርና ውዝፍ ገዢው ይከፍላል’ ካለ አንተ ነህ። ክልሉ ውሉን ቀድሞ አቋርጦት ከሆነስ? ያኔ የገዛኸው መጋዘን ሌላ ሰው ሊይዘው በሚችል መሬት ላይ የቆመ ነው። መሬቱ ሳይለማ ዓመታት ቆይቶ አርሶ አደሩ ገብቶ እያረሰበት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስቱን አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ አታጣራቸውም። ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂድ፣ ፋይሉ ይውጣልህ፣ ከዚያ እርሻው ላይ ቁም። ሳታይ ሲፒኦ አታሠራ።

ከለገሃር፦ እርሻ ያዋጣል ወይ?

የትኛው እርሻ? የት? ምን የሚመረትበት? እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ አልመልስም።

ከስድስት ኪሎ፦ የገበሬ የይዞታ ደብተር ለብድር ተይዞ ከሆነስ? እሱም ሐራጅ ይወጣል?

ይህ ሌላ ነገር ነው። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። ባይከፍል አበዳሪው የሚያገኘው ለተወሰነ ጊዜ በመሬቱ የመጠቀም መብት እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ‘የገበሬ መሬት በሐራጅ በርካሽ አስገዛሃለሁ’ የሚል ደላላ ከመጣባችሁ ስልኩን ዝጉት።

ከሜክሲኮ፦ ትራክተር ልገዛ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው መነሻ ዋጋ በጣም ርካሽ ነው። ምን ላጣራ?

ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይኖራል፤ መጀመሪያ እሱን ፈልግ። ማስታወቂያው ሞዴል፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና መነሻ ዋጋ ይነግርሃል። ከዚያ ‘ባለበት ሁኔታ’ ይላል። ይህን አንብበህ ከተጫረትክ በኋላ ቅሬታ የሚሰማህ የለም።

በቅርቡ አሰላ አካባቢ ያየሁትን ልንገርህ። ማሴ ፈርጉሰን ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ቀለሙ ንጹሕ፣ ጎማው ሙሉ። ኮፈኑን ስናነሳ ኢንጀክሽን ፓምፑ፣ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚገፋው፣ የለም። የነዳጅ ቧንቧዎቹ ጫፍ በአሮጌ ጨርቅ ታስሯል። ባትሪው ከተወሰደ ቆይቷል፤ በቦታው ዶሮ እንቁላል ጥላለች። ማስታወቂያው ላይ ከዚህ አንድም የለም። ሊኖርም አይገደድም። ያንን ትራክተር በጋዜጣው ብቻ የገዛ ሰው ከመነሻ ዋጋው በላይ ለመለዋወጫ ሊያወጣ ይችላል።

እና መካኒክ ይዘህ ሂድ። የሻንሲ ቁጥሩን ከማስታወቂያውና ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። አንድ ፊደል ከተለየ በጽሑፍ አስመዝግብ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀረጡን ጠይቅ። ብዙ የእርሻ መሣሪያ በኢንቨስትመንት ፈቃድ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው። መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ከፋዩ ገዢው ነው የሚል መስመር ማስታወቂያው ውስጥ በትንሽ ፊደል ልታገኝ ትችላለህ። ርካሽ ያልከው ዋጋ ቀረጡ ሲደመርበት ከገበያው ሊያልፍ ይችላል። ኮምባይነርም ላይ ያው ነው።

ከፒያሳ፦ ሲፒኦው ስንት ነው?

ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። በባንክ ሐራጅ በብዛት የመነሻ ዋጋው አንድ አራተኛ ነው። አሸንፈህ ቀሪውን በተባለው ቀን ካልከፈልክ ይወረሳል። ብዙ ጊዜ 15 ቀን ነው የሚሰጠው። ቫት የሚጨመር ከሆነም ተጽፏል፤ 15 በመቶ ከላይ አስላ።

ከአምባሳደር፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። እርሻ በሐራጅ ስገዛ መሬቱም አብሮ ይሸጥልኛል?

ከላይ ለካዛንቺሱ ወንድማችን መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ። መሬት አይሸጥም።

ከአራዳ፦ እኔ የማይገባኝ፣ ቢሮ ውስጥ የሚውል የአዲስ አበባ ሰው ለምን ሄዶ የገበሬውን በሬ በሐራጅ ይገዛል? ነውር አይደለም?

ከሜክሲኮ፦ ዕዳ ዕዳ ነው ወንድሜ። ባንኩ ያበደረው የቆጣቢ ገንዘብ ነው። እኔ ባልገዛ ሌላው ይገዛል።

ከአራዳ፦ ሌላው ይገዛል እያልን ነው እኮ ሁሉም ነገር የተበላሸው። ዝናብ የቀረበት ሰው እና ገንዘብ ይዞ የጠፋ ሰው እኩል ናቸው?

ከስድስት ኪሎ፦ ከገበሬ በሬ የሚገዛ የለም እዚህ። የምናወራው ስለ ባለሀብት እርሻ ነው።

ከአራዳ፦ ማስታወቂያ ላይ ‘ሁለት የእርሻ በሬ’ የሚል በዓይኔ አይቻለሁ።

ቆዩ፣ ቆዩ። ሁለታችሁም የያዛችሁት ነገር አለ፤ ግን ሕጉ የሚለውን እንይ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የ1958 ነው። አንቀጽ 404 በፍርድ የማይያዙ ንብረቶችን ይዘረዝራል። ባለዕዳው ገበሬ ከሆነ ኑሮውን ለመምራት ያስፈልጉታል ብሎ ፍርድ ቤቱ የሚያምንባቸው ከብቶችና የዘር እህል አይያዙም። የሚለብሰው፣ የሚተኛበት፣ የሚያበስልበት አይያዝም። የሦስት ወር ቀለብም እንደዚያው። ስለዚህ ለፍርድ ማስፈጸሚያ ‘ሁለት የእርሻ በሬ’ ተብሎ ከወጣ ለገዢም አደገኛ ነው። ባለዕዳው አመልክቶ ሊያስቆመው ይችላል። ችግሩ ብዙ ገበሬ ይህን መብቱን አያውቅም፤ የሚነግረውም የለም። የአራዳው ልጅ ቁጣ ይገባኛል። እኔም እንዲህ ዓይነት ሐራጅ ላይ አልገምትም።

ከሜክሲኮ ለጻፍከው፦ ዕዳ መክፈል ግዴታ ነው፤ ተስማምተናል። ግን ሐራጁ ተገቢ ዋጋ ካላወጣ ቆጣቢውም አልተጠቀመም። ለዚህ ነው ማስታወቂያው ገበያ ላይ ይነገር የምለው።

ከቦሌ መድኃኔዓለም፦ ሱሉልታ አካባቢ የወተት ላሞች በሐራጅ ሊሸጡ ነው። ከብት ከማሽን በምን ይለያል?

ከብት ይበላል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ግምቱ ከተሠራ ወር ካለፈው ሌላ ላም ነው የምታገኚው። ዕዳ ውስጥ የገባ እርሻ መጀመሪያ የሚቀንሰው መኖውን ነው። ስለዚህ በተባለው የጉብኝት ቀን በማለዳ ሂጂ፤ ስትታለብ እዪ። ‘በቀን ይህን ያህል ሊትር’ የሚለውን ወረቀት እርሺውና ባልዲውን ተመልከቺ። አራቱም ጡቶች እኩል ይወርዳሉ? መጀመሪያ የሚታለበው ወተት ውስጥ የረጋ ነገር አለ? ሰኮናዋ ረዝሟል? የእንስሳት ሐኪም ይዘሽ ሂጂ፤ የቲቢና የብሩሴሎሲስ ምርመራ ጠይቂ። ሁለቱም ወደ ሰው ስለሚተላለፉ ምርመራውን አትዝለዪው። ጉብኝት የማይፈቅድ ሐራጅ ላይ አትግቢ። ሳታዪ ሲፒኦ አታሠሪ።

ከለገሃር፦ ሐራጁ ቦታ ላይ ሰዎች ቀረብ ብለው ‘አንተ አትጨምር፣ የሻይ እንስጥህ’ አሉኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

አለመቀበል። ሐራጁን ለሚመራው ሰው እዚያው መናገር። ዋጋ ለማፈን የተስማማ ተጫራች ሰርቋል። ማጭበርበር ያለበት ሽያጭ በፍርድ ቤት ሊፈርስም ይችላል፤ ያኔ ገንዘብህ ዓመታት ይታሰራል። በዚህ ላይ ክርክር አልከፍትም።

ከስድስት ኪሎ፦ እሱ እኮ ሁሌም ያለ ነው ጋሼ፣ ተስማምቶ መግባት የተለመደ...

አልከፍትም አልኩ።

ስሟ ይቅር ያለች፦ ጋሼ፣ እኔ ገዢ አይደለሁም። አባቴ ለዶሮ እርባታ ተበድሮ ነበር። ዶሮዎቹ በበሽታ አለቁ። ከባንኩ ደብዳቤ መጥቷል። አባቴ ደብዳቤውን ትራስ ሥር አስቀምጦ ዝም ብሏል። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ በመጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ዛሬውኑ ደውዪለትና ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አስነብቢው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ግን በውሉ ላይ ይህን ሥልጣን የሰጠ ስምምነት መኖር አለበት። ለባለዕዳው ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትም አለበት። እነዚያ ቀናት ትራስ ሥር ሆነው ነው የሚያልፉት። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው በዚህ ዝምታ ነው።

ነገ ራስሽ ወይም ወንድምሽ ባንኩ ድረስ ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ዕዳው ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ሁለተኛ፣ የመክፈያ ጊዜው ይራዘም ብላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የእንስሳት ሐኪም ማስረጃ ካለ አያይዙ። በቃል የተባለ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም። ሦስተኛ፣ የንብረቱን ግምት ጠይቁ። ግምቱ ከገበያው በጣም ካነሰ ጨረታው ሳይወጣ ተቃወሙ። ከሐራጁ በፊት ዕዳው ከተከፈለ ሽያጩ ይቀራል። ስለዚህ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ሌላ ንብረት በፈቃዳችሁ በጥሩ ዋጋ ሸጣችሁ መዝጋት ትችሉ እንደሆነ አሁን ተነጋገሩ። በራሳችሁ የምትሸጡት ብዙ ጊዜ ከሐራጅ ይሻላል።

ስሟ ይቅር ያለች፦ ግቢው ውስጥ የአጎቴ ጄኔሬተርም አለ። እሱም ይሸጣል?

አጎትሽ ደረሰኙን ይፈልግ። መያዣ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ባንኩ ሊነካው አይገባም። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዞ ከሆነም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 ‘ንብረቱ የእኔ ነው’ ብሎ መቃወም ይችላል። ሐራጁ እስኪደርስ አትጠብቁ። አባትሽንም አትቆጪው። ዶሮው የሞተበት ሰው ነው።

ከአራዳ፦ እህቴ፣ የእኔ ታላቅ እህት ጠበቃ ናት፤ ደብዳቤውን በነፃ ታይልሻለች። በውስጥ ጻፊልኝ።

እግዜር ይስጥልን። ማመልከቻው እስከ ነገ ይጻፍ።

ከአምባሳደር፦ ማስታወቂያው ‘4፡00 ሰዓት’ ይላል። ጠዋት ነው ከሰዓት?

‘ከጠዋቱ’ ወይም ‘ከቀኑ’ የሚል ከፊቱ አለ፤ ከሌለው ስልኩ ላይ ደውል። ቦታው ከከተማ ውጭ ከሆነ ማታውኑ እዚያ እደር፤ ሰዓቱ ካለፈ አያስገቡህም። የቀራችሁ ጥያቄያችሁን ከማስታወቂያው ፎቶ ጋር ላኩልኝ፤ የመነሻ ዋጋውና የሻንሲ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሱት።